ከጥቁር ቡሬ ላም ቀይ ጥጃ ለምን ይወለዳል?

ጥያቄው የመጣው ከሰንዳፋ ነው። የላከችው የ11ኛ ክፍል ተማሪ ናት። ትንሽ አሳጥሬ ላስቀምጠው።

«አንዲት ዲቃላ የወተት ላም አለችን። ጥቁርና ነጭ ቡሬ ናት። ጊደር ሆና ነው የገዛናት፤ እናትና አባቷን አናውቅም። ጥቅምት 12 አዳቃይ ባለሙያ መጥቶ በሰው ሰራሽ ዘዴ አዳቀላት። የጥቁርና ነጭ ሆልስታይን ዘር ነው ብሎን ነበር። ሐምሌ 20 ወለደች። ጥጃው ግን ቀይ ነው። ግንባሩ፣ ሆዱና እግሮቹ ላይ ሰፋ ያለ ነጭ አለው። ወንድ ነው። ከዚህ በፊት የወለደቻቸው ሁለቱም ወንዶች ነበሩ፤ እነሱ ጥቁር ቡሬ ናቸው። አባቴ አዳቃዩ አታሎናል ይላል። ላሟንም ወንድ ብቻ ነው የምትወልደው ብሎ ሊሸጣት ነው። ጎረቤታችን ያሉ እናት ደግሞ ‹ዘር ከልጓም ይስባል› ይላሉ። እኛ የተማርነው ዶሚናንት ጂን ጠንካራ ስለሆነ ሪሴሲቩን ያጠፋዋል ተብለን ነው። ታዲያ ቀዩ ከየት መጣ? ሪሴሲቭ ከሆነስ ከአራት አንዱ መሆን ነበረበት። ይሄ ግን ሦስተኛው ጥጃ ነው።»

ቀይ ጥጃ የማታለል ማስረጃ አይደለም። ላሟም በዚህ ምክንያት መሸጥ የለባትም። ከሁላችሁም ወደ እውነቱ የቀረቡት ጎረቤታችሁ ያሉት እናት ናቸው። «ይስባል» ያሉት ነገር በትክክል ምን እንደሆነ ግን ከሕዋስ ጀምሬ ላሳይሽ። እሱ ከገባሽ ለአባትሽ ራስሽ ማስረዳት ትችያለሽ።

የጸጉር ቀለም የሚሠሩ ሕዋሳት አሉ። ሜላኖሳይት ይባላሉ። ሁለት ዓይነት ቀለም ማምረት ይችላሉ፤ ጥቁርና ቀይ። የትኛውን እንደሚያመርቱ የሚወስነው ሽፋናቸው ላይ የተተከለ አንድ ተቀባይ ፕሮቲን ነው። እንደ ግቢ በር ደወል አስቢው። ደወሉ ሲጮህ ሕዋሱ ጥቁር ያመርታል። ዝም ሲል ቀይ ያመርታል። የዚህን ደወል አሠራር የያዘው ጂን ኤምሲዋንአር ይባላል። በከብት 18ኛው ክሮሞሶም (ጂኖች የተደረደሩበት የዲኤንኤ ክር) ላይ ይገኛል። የፈረንጆቹ ቀይ ጸጉር ራሱ የመጣው ከዚሁ ጂን ነው፤ በሰው ላይ ክሮሞሶሙ ብቻ ይለያል።

ይህ ጂን በከብት ላይ ሦስት ዋና ዋና ዓይነቶች አሉት። አንደኛው ማንም ሳይነካው ሁልጊዜ የሚጮህ ደወል ነው። የሆልስታይን ጥቁርነት የሚመጣው ከዚህ ነው። ሁለተኛው ሲነኩት ብቻ የሚጮህ የጥንቱ ደወል ነው፤ ብዙ ጊዜ ቡናማ ወይም ዳማ ከብት ይሰጣል። ሦስተኛው የተበላሸ ነው። ከዲኤንኤው አንዲት ፊደል ጎድላለች። አንዲት ፊደል ስትጎድል ከዚያ ወዲያ ያለው ንባብ ሁሉ ይዛባል። ፕሮቲኑ ሳያልቅ ይቋረጣል። ደወሉ አይጮህም።

እያንዳንዱ ከብት ከዚህ ጂን ሁለት ቅጂ አለው፤ አንዱ ከእናት፣ አንዱ ከአባት። ሁለቱም የተበላሹ ከሆኑ ጥጃው ቀይ ነው። አንዱ ሁልጊዜ የሚጮህ፣ ሌላው የተበላሸ ከሆነስ? አንዱ መጮሁ ይበቃል። ሕዋሱ ጥቁር ያመርታል። ላሟም ጥቁር ሆና ትታያለች።

ዶሚናንት ማለት ይሄ ነው፤ ሁለቱም ቅጂ እሱ ካልሆነ የማይታየው ደግሞ ሪሴሲቭ ይባላል። ጥቁሩ ቅጂ የተበላሸውን አልደበደበውም፤ አላጠፋውም። ወደ እሱ እንኳ አልደረሰም። የራሱን ሥራ ሠራ፣ ያ ደግሞ ለቀለሙ በቃ። የተበላሸው እዚያው፣ ምንም ሳይለወጥ፣ በሌላኛው 18ኛ ክሮሞሶም ላይ ተቀምጧል። ለዚህ ነው ዶሚናንትን «ጠንካራ»፣ ሪሴሲቭን «ደካማ» ብሎ መተርጎም የማልወደው። ተማሪው ትግል ያለ ይመስለዋል። ከዚያ ደካማው በትውልድ ብዛት የሚያልቅ ይመስለዋል። አያልቅም። ዶሚናንት ማለት «ብዙ የሚገኝ» ማለትም አይደለም። ስድስት ጣት ሆኖ መወለድ ብዙ ጊዜ በዶሚናንት ጂን ይተላለፋል፤ ዙሪያሽን ብታይ ግን ሰዉ ሁሉ ባለ አምስት ጣት ነው።

አሁን ወደ ላማችሁ እንምጣ። ላም በእያንዳንዱ ሕዋሷ 60 ክሮሞሶም አላት። ሠላሳ ጥንድ ማለት ነው። እንቁላል ሲዘጋጅ ጥንዱ ይለያይና 30 ብቻ ይቀራል። ሚዮሲስ ብላችሁ የተማራችሁት እሱ ነው። ከሁለቱ 18ኛ ክሮሞሶሞች አንዱ ብቻ እንቁላሉ ውስጥ ይገባል። ጥቁሩ ወይም ቀዩ። ሁለቱም እኩል ዕድል አላቸው። እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ነገር ልንገርሽ። ይህን ጥጃ ያስገኘው እንቁላል ዝግጅቱን የጀመረው ላሟ ራሷ ገና ሳትወለድ፣ በእናቷ ሆድ ውስጥ እያለች ነው። እዚያ ጀምሮ መሃል ላይ ቆመ። ዓመታት ጠበቀ። የትኛው 18ኛ ክሮሞሶም እንደሚቀር የተወሰነው ግን በዚያ በጥቅምት፣ እንቁላሉ ሊወጣ ሰዓታት ሲቀሩት ነው።

በኮርማው በኩልም እንደዚያው ነው። ኮርማው ቀዩን ደብቆ የሚይዝ ከሆነ፣ ዘሩ በሚቀመጥባት በዚያች ቀጭን ቱቦ (ስትሮው) ውስጥ ካሉት ሚሊዮኖች የዘር ሕዋሳት ግማሹ ጥቁር፣ ግማሹ ቀይ ቅጂ ይዘዋል። ቀይ የያዘ እንቁላል ቀይ ከያዘ የዘር ሕዋስ ጋር ተገናኘ። ጥጃው ቀይ ሆነ። በቃ፣ የሆነው ይሄ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ሌላ ነገር መታረም አለበት። ወተት አርቢዎች ስለ «ደም» ሲያወሩ ሰምተሻል። «ይህቺ 75 በመቶ የፈረንጅ ደም አላት» ይባላል። ቁጥሩ ለሥራ ይጠቅማል፤ እኔም እጠቀምበታለሁ። ግን የተሳሳተ ሥዕል ይሰጣል። ዘር እንደ ወተትና ቡና የሚዋሃድ ያስመስለዋል። ወተት ቡና ውስጥ ከገባ በኋላ መልሰሽ አታወጪውም። ጂን ግን እንደ ስንዴና ገብስ ነው። ብታደባልቂያቸውም ገብሱ ገብስ፣ ስንዴው ስንዴ ነው። ከአምስት ትውልድ በኋላም አንዷ የገብስ ፍሬ እንደነበረች ትወጣለች። ጎረቤታችሁ «ይስባል» ያሉት ይህችን ፍሬ ነው። የላማችሁ ቅድመ አያት ቀይ የአገር ላም ብትሆን አይገርመኝም። ከጥቁር ሆልስታይን ወገን ራሱ መጥቶም ሊሆን ይችላል፤ ቀዩን ደብቀው የሚይዙ ጥቁር ሆልስታይኖች አሉና። በውጭ የኮርማ ካታሎጎች ላይ ከስማቸው ጎን «አርሲ» የሚል ምልክት ይደረግላቸዋል። ቀይ ተሸካሚ ማለት ነው።

«ከአራት አንዱ» የሚለውን ብዙ ተማሪ ይስተዋል። ሦስት ጥቁር ተወልዶ አራተኛው ቀይ ይሆናል ማለት አይደለም። ለእያንዳንዱ ጥጃ ዕጣው እንደገና ይጣላል። ሁለት ተሸካሚዎች አራት ጥጃ ቢወልዱ፣ አንድም ቀይ ያለመኖሩ ዕድል ከሦስት አንድ ገደማ ነው። የመጀመሪያው ቀይ ሊሆን ይችላል፤ ሁለት ተከታታይ ቀይም ሊወለድ ይችላል። ሬሾው የሚታየው ብዙ ሲቆጠር ነው። ግሬጎር ሜንደል እ.ኤ.አ. በ1866 ባሳተመው ሥራው 7,324 የአተር ፍሬ ነበር የቆጠረው። 5,474 ለስላሳ ክብ፣ 1,850 የተጨማደደ አገኘ። ለአንድ የተጨማደደ 2.96 ክብ ማለት ነው። በሺዎች ቆጥሮም ልክ ሦስት አልመጣለትም። አንዲት ላም በዕድሜዋ ስንት ትወልዳለች? ስድስት? ስምንት? በዚህ ቁጥር ሬሾ አይፈለግም። ደግሞም የቀድሞዎቹ ሁለት ጥጆች አባት ሌላ ኮርማ ሊሆን ይችላል። ያ ኮርማ ተሸካሚ ካልነበረ ከእሱ ቀይ ሊወለድ አይችልም ነበር። ስለዚህ ሦስቱን አንድ ላይ መቁጠሩ ራሱ ትክክል አይደለም።

አባትሽ የሚጠይቁት ግን ሌላ ነው። አዳቃዩ ዋሸ ወይስ አልዋሸም? ይሄን በሁለት መንገድ መፈተሽ ትችያለሽ። የመጀመሪያው ቀን ቆጠራ ነው። በእኛ አቆጣጠር ከጳጉሜን በቀር ወር ሁሉ 30 ቀን ስለሆነ ቀላል ነው። ከጥቅምት 12 እስከ ሐምሌ 12 ዘጠኝ ወር፣ 270 ቀን ነው። ስምንት ስትጨምሪ 278። የሆልስታይን ላም እርግዝና 280 ቀን አካባቢ ነው። ልክ ይመጣል። ላሟ ያን ጊዜ ሳትይዝ ቀርታ ከ21 ቀን በኋላ እንደገና ኮርማ ፈልጋ፣ መስክ ላይ አንዱ ኮርማ አጥቅቷት ቢሆን ኖሮ፣ የምትወልደው ነሐሴ አጋማሽ ገደማ ነበር። ሐምሌ 20 ላይ ጤነኛ፣ ጊዜውን የጨረሰ ጥጃ አትሰጥም ነበር።

ሁለተኛው የነጩ ጉዳይ ነው። ይሄ ከቀለሙ ይበልጥ ይናገራል። ጥቁር ወይስ ቀይ የሚለውን አንድ ጂን ይወስናል። ነጭ ይኑርበት ወይስ አይኑርበት የሚለውን የሚወስነው ሌላ ነው። የሆልስታይን ሰፋፊ ነጭ በአብዛኛው ሪሴሲቭ ነው። ስለዚህ ጥጃው ከእናቱም ከአባቱም ወርሶታል። አባቱ ወጥ ቀይ የሰፈር ኮርማ ወይም ጀርሲ የሚባለው የወተት ከብት ዝርያ ቢሆን ኖሮ ጥጃው ወጥ ቀለም፣ ቢበዛ ሆዱ ላይ ትንሽ ነጭ ያለበት በሆነ ነበር። ቀይ ቡሬ መሆኑ አባቱ ሆልስታይን ወይም የሆልስታይን ዲቃላ እንደሆነ ይጠቁማል። የአዳቃዩን ቃል የሚደግፍ ነው እንጂ የሚያፈርስ አይደለም። ነጩ የት የት እንደሚያርፍ ግን በጂን ብቻ አይወሰንም። ጽንሱ ሲያድግ ሜላኖሳይቶች ከጀርባ ተነስተው ወደ ሆድና ወደ እግር ይጓዛሉ። ያልደረሱበት ቦታ ነጭ ይቀራል። ጉዞው በየጽንሱ ስለሚለያይ፣ በክሎኒንግ የተገኙ፣ ጂናቸው አንድ የሆነ ላሞች እንኳ ነጫቸው አይመሳሰልም። ጥጃው የእናቱን ምልክት አልያዘም ብሎ መከራከር አያዋጣም።

የዚህ ማስረጃ ወሰን የት እንደሆነ ደግሞ ማወቅ አለብሽ። ቀን ቆጠራው በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ የመጣ ኮርማን አይለይም። ላሟ በእነዚያ ሁለት ቀናት መስክ ወጥታ ነበር? አስታውሱ። የመንደሩ ኮርማ ራሱ ቡሬ ዲቃላ ከሆነም የነጩ ማስረጃ ይዳከማል። አዳቃዩ የአንዱን ሆልስታይን ስትሮው በሌላው ለውጦ ከሆነም ቀለሙ አይነግረንም። የዲኤንኤ ምርመራ ይለየዋል። ግን ለአንድ ወንድ ጥጃ ቀለም ሲባል ያን ወጪ አልመክርም።

እዚህ ላይ ረጋ እንድትሉ እለምናለሁ። በሰንዳፋ፣ በሱሉልታና በሆለታ ዙሪያ ከወተት አርቢዎች ጋር ስሠራ፣ በቀይ ጥጃ ሰበብ ስሙ የጠፋ አዳቃይ አይቻለሁ። ሰውየው ያልሠራው ጥፋት ነበር። ገበሬዎቹም ከዚያ በኋላ ላሞቻቸውን ወደ መንደር ኮርማ መለሱ። የተጎዱት እነሱ ናቸው። አዳቃያችሁን መጠየቅ ያለባችሁ «ለምን አታለልከን» ብላችሁ አይደለም። «የኮርማው ቁጥር ስንት ነው» ብላችሁ ነው። እያንዳንዱ ስትሮው ላይ የኮርማው መለያ ታትሟል። ባለሙያውም በመዝገቡ ላይ ይጽፈዋል፤ መጻፍም አለበት። ከቃሊቲ የሰው ሰራሽ ማዳቀል ማዕከል የሚወጣው ዘር ሁሉ የንጹህ ሆልስታይን አለመሆኑንም እወቁ። የዲቃላ ኮርማ ዘርም አለ። ኮርማው ዲቃላ ከነበረ ቀይ መደበቁ የበለጠ የሚጠበቅ ነው።

የወንድና የሴቱን ነገር በአጭሩ ልመልስ፤ ምክንያቱም ላሟ ያለ ጥፋቷ ልትሸጥ ነው። የላም እንቁላል ሁልጊዜ ኤክስ ክሮሞሶም ነው የሚይዘው። ወንድ ወይም ሴት የሚያደርገው ከኮርማው የሚመጣው ኤክስ ወይም ዋይ ነው። ላሟ ወንድ የመውለድ «አመል» የላትም። በተከታታይ ሦስት ወንድ የመወለዱ ዕድል ከስምንት አንድ ነው። ሦስት ሦስት የወለዱ ስምንት ላሞች ሰፈራችሁ ውስጥ ካሉ፣ አንዷ እንደዚህ ብትሆን የሚጠበቅ ነው። አራተኛው? ግማሽ በግማሽ። ያለፉት ሦስቱ ምንም አይለውጡም። የሚገዛት ሰው ሴት ጥጃ ሲያገኝባት አባትሽ ይቆጫሉ።

አባትሽ ሴት ጥጃ የግድ ካስፈለጋቸው ሴት የሚሰጠው ተለይቶ የተዘጋጀ ዘር አለ። ኤክስ የያዘው የዘር ሕዋስ ዋይ ከያዘው በ4 በመቶ ገደማ የበለጠ ዲኤንኤ አለው። መሣሪያው በዚያ ልዩነት ይለየዋል። ከአሥር ዘጠኙ ገደማ ሴት ይወለዳል። ግን ከተለመደው ይወደዳል። የመያዝ ዕድሉም ዝቅ ይላል፤ በተለይ በወለዱ ላሞች። የተሻለ የሚሠራው በጊደር ላይ ነው። ላማችሁ ሦስት ስለወለደች እኔ መጀመሪያ የምሄድበት መንገድ አይደለም።

ቀዩ ራሱ ጉዳት የለውም። ቀይ ሆልስታይን እንደ ጥቁሩ ይታለባል፤ ቀለም ስለ ወተት ምንም አይናገርም። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ቀዩ ተደብቆ በመጣበት መንገድ ሌሎች፣ በዓይን የማይታዩ ጂኖችም ይመጣሉ። አንዳንዶቹ ጥጃ ይገድላሉ። ኦስቦርንዴል አይቫንሆ የሚባል፣ እ.ኤ.አ. በ1952 የተወለደ ታዋቂ የአሜሪካ ሆልስታይን ኮርማ ነበር። ራሱ ጤነኛ ነው። ግን አንድ የተበላሸ ቅጂ ይዞ ነበር። በሰው ሰራሽ ማዳቀል ዘሩ በዓለም ዙሪያ ተሰራጨ። ከትውልዶች በኋላ ዘመዳሞቹ ሲገናኙ፣ ነጭ የደም ሕዋሳታቸው ወደ ቁስል መድረስ የማይችሉ፣ በኢንፌክሽን ተሰቃይተው የሚሞቱ ጥጆች መወለድ ጀመሩ። ዛሬ ምርመራው ስላለ ተሸካሚ ኮርማዎች ይለያሉ። ነገሩ ግን የላማችሁን ጉዳይ ይመለከታል። አባቷን አታውቁትም። የአንድ ኮርማ ዘር ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ፣ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ላይ፣ ለዓመታት ይቆያል። ሴት ልጁ አድጋ ለመዳቀል ስትደርስ የዚያው ኮርማ ስትሮው በአዳቃዩ እጅ ሊኖር ይችላል። መዝገብ ከሌለ ልጅን ከአባቷ ማዳቀል በጣም ቀላል ነው። ቀይ መውጣቱ ይህ ሆኗል ማለት አይደለም፤ ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

ስለዚህ ምክሬ ግልጽ ነው። ላሟን አትሽጡ። የወተቷ መጠን፣ ጡቷ፣ እግሮቿና በየስንት ጊዜው እንደምትይዝ ነው የሚመዘነው። የዚህን ጥጃ አባት ቁጥር ከአዳቃዩ ውሰዱና ጻፉት። በሚቀጥለው ጊዜ ያንን ኮርማ አትድገሙት። ቀዩን ፈርተን አይደለም፤ ላሟና ኮርማው አንድ የተደበቀ ቅጂ ካላቸው ሌላም ሊኖራቸው ስለሚችል ነው። ላሟ የተወለደችበትን ዓመት ለባለሙያው ንገሩትና ከዚያ በኋላ ሥራ የጀመረ ኮርማ ዘር ጠይቁ። ወንዱን ጥጃ አሳድጋችሁ መሸጥ ትችላላችሁ። ለእናቱ ወይም ለሰፈሩ ላሞች ኮርማ እንዲሆን ግን አትልቀቁት።

አንቺ ደግሞ አንድ ደብተር ያዢ። ላሟ ኮርማ የፈለገችበት ቀን፣ የተዳቀለችበት ሰዓት፣ የኮርማው ቁጥር፣ የወለደችበት ቀን፣ የጥጃው ጾታና ቀለም ይመዝገብ። ጥጃውንም ለጥቂት ወራት ተከታተይው። ቀይ ሆነው ተወልደው ቀስ በቀስ የሚጠቁሩ ሆልስታይኖች አሉ። የዚሁ ጂን ሌላ ዓይነት ነው። ጀርባው፣ አፍንጫው ዙሪያና ጅራቱ መጥቆር ከጀመረ ቀኑን ጻፊ፤ ፎቶም አንሺና ላኪልኝ።